ጆን ሎውስና ስልክ ይደውሉለት የነበሩ ሰዎች

አውስትራሊያ ውስጥ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው አግኝታችሁ «ጆን ሎውስ» ብትሉት ፊቱ ወዲያው ይለዋወጣል። ወይ ፈገግ ይላል፣ ወይ ይናደዳል። መሃል ላይ የሚቆም እስካሁን አልገጠመኝም። ሰውየው ከ70 ዓመት በላይ በሬዲዮ የኖረ፣ አብዛኛውን ዕድሜውንም የአድማጭ ስልክ በማንሳት ያሳለፈ ነው። በኖቬምበር 2025 በ90 ዓመቱ አረፈ። ከኛ ሰው ግን ሲድኒ ለዓመታት የኖረው እንኳን ስለሱ ብዙ አያውቅም። እኔ ደግሞ መኪና ውስጥ ሬዲዮ ሳልከፍት ውዬ ስለማላውቅ ስለሱ ሳልጽፍ ማለፍ አልቻልኩም። (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

የተወለደው በ1935 ነው፣ ኒው ጊኒ ውስጥ፣ ዋው በምትባል የወርቅ ማውጫ ከተማ። ያን ጊዜ አገሩን የምታስተዳድረው አውስትራሊያ ነበረች። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ ወደ አውስትራሊያ ተሻገሩ። ልጅ እያለ ፖሊዮ ይዞት ነበር። በ1953፣ ገና ጎረምሳ እያለ፣ ቪክቶሪያ ውስጥ ቤንዲጎ ከተማ 3ቢኦ በሚባል የክፍለ ሀገር ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ከዚያ ከአንዱ የገጠር ጣቢያ ወደ ሌላው ሲዞር ቆይቶ በ1957 ሲድኒ፣ 2ዩኢ የሚባል ጣቢያ ደረሰ።

ሲጀምር ዘፈን አጫዋች ነበር። ሮክ ኤንድ ሮል ገና ብቅ ያለበት ጊዜ ነው፣ እሱም ይህን ሙዚቃ ለአውስትራሊያ አድማጭ ካቀረቡት ቀደምት አጫዋቾች አንዱ ሆነ። ድምፁ ወፍራምና ረጋ ያለ ነው። አይቸኩልም። ሰው ሁሉ «ባለወርቅ ጉሮሮው» ይለው ነበር፣ በኋላም ለስሙ የሚመጥን በወርቅ የተለበጠ ማይክ ነበረው። ፕሮግራሙን ሲከፍት «ሄሎ ወርልድ» ይላል። ለዓለም ሁሉ ሰላምታ መሆኑ ነው፣ የሚሰማው ግን አንድ ሰው ነው የሚመስለው፣ ኩሽና ውስጥ ብቻውን ወይም ብቻዋን ያለች።

እውነተኛው ሥራው የተጀመረው ግን ስልክ ሲመጣ ነው። እስከ 1967 ድረስ አውስትራሊያ ውስጥ የደዋይን ድምፅ በሬዲዮ ማስተላለፍ አይፈቀድም ነበር። በዚያ ዓመት በኤፕሪል ወር ተፈቀደ። ያኔ ነው «ቶክባክ» የሚሉት ዓይነት ፕሮግራም በየጣቢያው የበቀለው፣ ሰው ይደውላል፣ አቅራቢው ያነሳል፣ አገር ይሰማል።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላስረዳ፣ ምክንያቱም ሁላችንም እንሰማዋለን እንጂ ለምን እንደሆነ ብዙዎቻችን አናስብም። የአማርኛ የስልክ ፕሮግራም ላይ የሚደውል ሰው ገና ሄሎ እንዳለ አቅራቢው «ሬዲዮንዎን ቀነስ ያድርጉልን» ይለዋል አይደል? አንዱ ምክንያት የድምፅ መሳሳብ ነው፣ ያ ጩኸት የሚመጣው ከዚያ ነው። ሌላው ግን መዘግየቱ ነው። ደዋይ ምን እንደሚል አይታወቅም፣ ሊሳደብ ይችላል፣ የሰው ስም ሊያጠፋ ይችላል። ስለዚህ ድምፁ ወደ አየር ከመውጣቱ በፊት ጥቂት ሰከንዶች እንዲዘገይ ይደረጋል። በድሮው ጊዜ ይህ በቴፕ ነበር የሚሠራው። ንግግሩ አንደኛው ጋ ይቀዳል፣ ቴፑ ተጉዞ ማጫወቻው ጋ እስኪደርስ ሰከንዶቹ ያልፋሉ፣ በዚያ መሃል ስቱዲዮ ያለው ሰው አደገኛ ነገር ከሰማ ቁልፉን ተጭኖ ይቆርጠዋል። አውስትራሊያ ውስጥ የተለመደው ሰባት ሰከንድ ነው። ደዋዩ ሬዲዮኑን ካልቀነሰ የሚሰማው ከሰከንዶች በፊት የተናገረውን የራሱን ድምፅ ነው፣ ግራ ይጋባል፣ ዝም ይላል፣ ከዚያ «ሄሎ? ሄሎ?» ይጀምራል።

ሎውስ ይህን ሥራ እንደ እጁ መዳፍ ያውቀዋል። ደዋይን በስሙ ይጠራዋል። ሰው ሲያለቅስ ቶሎ አይገባበትም፣ ዝምታውን ይተወዋል። አንድ የሬዲዮ አቅራቢ ዝምታን አየር ላይ ለመተው ምን ያህል ልበ ሙሉ መሆን እንዳለበት ሞክሮ ያየ ያውቃል። ደዋዩ ከሰለቸው ደግሞ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዘጋበታል። ይሰድባልም። ሰው ግን ይህን እያወቀ ይደውላል። የቤት እመቤቶች፣ ጡረተኞች፣ ገበሬዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የከባድ መኪና ሹፌሮች። ስለ ሹፌሮቹ ግጥም ይጽፍ ነበር፣ የግጥም መጻሕፍት አሳትሟል፣ ዘፈንም አስቀርጿል። ፕሮግራሙ ከሲድኒ እየተነሳ በየክፍለ ሀገሩ ባሉ ጣቢያዎች ይተላለፍ ስለነበር ሰው በማይታይበት በረሃማ መንገድ ላይ የሚነዳ ሹፌር እንኳን ያገኘዋል። ረጅም መንገድ ለብቻው የነዳ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ሌሊት ላይ የሚያወራህ ሰው ዘመድህ ነው።

ፖለቲከኞቹም ይህን ገባቸው። ጋዜጠኛ ጽፎ፣ አዘጋጅ አርሞ፣ ሰው ገዝቶ እስኪያነበው ከመጠበቅ ሎውስ ጋ ደውሎ ለአገሩ ሰው በቀጥታ መናገር ይሻላል። ከሁሉም የሚታወቀው የሜይ 14 ቀን 1986ቱ ነው። ፖል ኪቲንግ ያኔ የገንዘብ ሚኒስትር ነው፣ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኗል። አገሪቱ ከምትሸጠው የምትገዛው በዝቶ ዕዳዋ እያደገ ነበር። ኪቲንግ ወደ ሎውስ ፕሮግራም በስልክ ገባና ኢኮኖሚውን ካላስተካከልን «የሙዝ ሪፐብሊክ» እንሆናለን አለ፣ ኢኮኖሚዋ የደቀቀ ደካማ አገር ማለቱ ነው። የአውስትራሊያ ዶላር ወዲያው ወረደ። አስቡት፣ አንድ ሚኒስትር በሬዲዮ የስልክ ፕሮግራም ላይ በተናገራት ቃል የአንድ አገር ገንዘብ ሲንቀጠቀጥ። ያቺ ንግግር እስካሁን በአውስትራሊያ የኢኮኖሚ ታሪክ ውስጥ ትጠቀሳለች። ኪቲንግ ራሱ ሎውስን ያስረዳ ሰው አውስትራሊያን እንዳስረዳ ይቆጠራል ይል እንደነበር ይነገራል።

እንግዲህ ኃይሉ ይህ ነበር። ይህን ኃይል የሰጡት ማናቸው? የሚደውሉለትና የሚያዳምጡት ሰዎች ናቸው። የማይደውለውም፣ በሆዱ «ልክ ነህ» እያለ የሚሰማው ጭምር። ለኔ የዚህ ሰው ታሪክ ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው፣ ምክንያቱም በ1999 የወጣው ጉድ ይህንኑ የሚነካ ነው።

በ1990ዎቹ የአውስትራሊያ ባንኮች ሕዝብ አስመርረው ነበር። የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ፣ በገጠር ከተሞች ያሉ ቅርንጫፎችን ይዘጋሉ። ሎውስም በየቀኑ ይወርድባቸዋል። ሰው እየደወለ በደሉን ይነግረዋል፣ እሱም አብሮ ይናደዳል። ከዚያ አንድ ጊዜ ንዴቱ በረደ። ወቀሳው ቀርቶ ስለ ባንኮች «ሙሉውን ታሪክ» የሚነግር አጭር ዝግጅት በፕሮግራሙ ውስጥ ገባ። አድማጩ ሰውየው ጉዳዩን አጥንቶ ሐሳቡን የቀየረ ነው የመሰለው።

በጁላይ 1999 ሚዲያ ዎች የተባለው የኤቢሲ (የአውስትራሊያ የሕዝብ ጣቢያ) ቴሌቪዥን ፕሮግራም እውነቱን አወጣው። የባንኮቹ ማኅበር ከሎውስ ጋር ውል ነበረው። ገንዘቡም ቀላል አልነበረም፣ ከአንድ ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር በላይ እንደሆነ ነው የተዘገበው። ማለት፣ ቅርንጫፍ ተዘግቶባት ጡረታዋን ለማውጣት ሌላ ከተማ የምትሄድ አሮጊት ደውላ ስትነግረው ከርማለች፣ እሱ ደግሞ ከነሱ ጋር ተፈራርሟል፣ እሷ አታውቅም። ነገሩ «ካሽ ፎር ኮሜንት» ተባለ፣ ለአስተያየት የሚከፈል ገንዘብ። የብሮድካስት ባለሥልጣኑ በይፋ ምርመራ ከፈተ፣ ምስክር ተሰማ፣ የሎውስ ሌሎች ውሎችም ወጡ፣ ሌላው ዝነኛ የሲድኒ አቅራቢ አለን ጆንስም አብሮ ተመረመረ። በ2000 መጀመሪያ ውጤቱ ሲወጣ ጣቢያው 2ዩኢ ደንብ መጣሱ ተረጋገጠ።

የሎውስ መከላከያ ምን ነበር? እኔ ጋዜጠኛ አይደለሁም፣ አዝናኝ ነኝ አለ።

ይህን መልስ ብዙ አስቤበታለሁ፣ አልቀበለውም። አዝናኝ የሆነ ሰው ጋ ሚኒስትር ደውሎ የአገር ኢኮኖሚ አይናገርም። አዝናኝ ጋ ሰው ደውሎ ባንክ በደለኝ አይልም። ደዋዩ የመጣው እውነቱን ትነግረኛለህ ብሎ ነው። ማስታወቂያ መሥራት ነውር የለውም፣ ሎውስ የሞተር ዘይት ማስታወቂያ በገዛ ድምፁ ሲያነብ ሰው ሁሉ ማስታወቂያ መሆኑን ያውቅ ነበር፣ ማንም አልተከፋም፣ እንዲያውም ወደውለት ነበር። ነውሩ ያለው የተሸጠውን ነገር የራስ ሐሳብ አስመስሎ ማቅረቡ ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ አውስትራሊያ ውስጥ ሕግ ወጥቷል። የንግድ ሬዲዮ የወቅታዊ ጉዳይ አቅራቢ ውል ያለውን ድርጅት ሲያነሳ እዚያው አየር ላይ ስፖንሰሬ ነው ማለት አለበት፣ ውሎቹም ሕዝብ ሊያየው በሚችል መዝገብ ይቀመጣሉ። ይህ ደንብ የመጣው በሎውስ ጉዳይ ምክንያት ነው። በዚያው በ2000 ደግሞ ሌላ ጣጣ ነበረበት፣ አንድ የፍርድ ቤት ጁሪ (ጥፋተኛ ነው አይደለም ብለው የሚወስኑ ተራ ዜጎች) አባል የነበረን ሰው በፕሮግራሙ ላይ ስለ ፍርዱ በማነጋገሩ ተከሶ ጥፋተኛ ተባለ፣ እስራቱ ግን በገደብ ሆነለት።

ወደኛ ልምጣ። አዲስ አበባ ያሉ የኤፍኤም ጣቢያዎች አሠራር ለማያውቅ ልንገረው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች የሚቀርቡት በተባባሪ አዘጋጆች ነው። ተባባሪ አዘጋጁ ከጣቢያው የአየር ሰዓት ይገዛል። ገንዘቡን የሚመልሰው ራሱ ስፖንሰር ፈልጎ ነው። እሱው ያዘጋጃል፣ እሱው ያቀርባል፣ እሱው ማስታወቂያ ይለምናል። በዚህ አሠራር ድንቅ ፕሮግራሞች ተሠርተዋል፣ በጣም የምወዳቸው አሉ፣ ከኪሳቸው እየጨመሩ የሚሠሩ ልጆችም አውቃለሁ። ግን አስቡት፣ የአየር ሰዓት ኪራይህን የሚከፍልልህ ቤት ሻጭ ከሆነ፣ አንድ ደዋይ ገብቶ «ከፍዬ ቤቴን ለዓመታት አልተረከብኩም» ሲልህ ምን ታደርጋለህ? መስመሩ ተቋረጠ ትላለህ? ይህ ጥያቄ በየሳምንቱ ስቱዲዮ ውስጥ ያለ ጥያቄ ነው። ጥፋቱ የልጆቹ ብቻ አይደለም፣ አሠራሩ ነው እንዲህ ያለ አጣብቂኝ ውስጥ የሚከታቸው። ውጭ አገር ሆነው በዩቲዩብ ላይቭ ገብተው ስልክ የሚያነሱትም ያው ናቸው። ገንዘብ ላኪ ድርጅቱ፣ የጉዞ ወኪሉ፣ ጠበቃው። ስፖንሰር መሆናቸው ሲነገር ደስ ይለኛል። ሳይነገር «እኔ በግሌ የምመክራችሁ» ሲባል ግን ሆዴ ይጨነቃል።

እዚህ አውስትራሊያ ለኛ የተለየ ነገር አለ። ኤስቢኤስ በአማርኛ ያሰራጫል፣ የሕዝብ ጣቢያ ነው። ሥሩ በ1975 ሲድኒና ሜልቦርን ላይ ከተጀመሩት 2ኢኤ እና 3ኢኤ ከሚባሉ ጣቢያዎች ነው፣ መጀመሪያ የተከፈቱትም መንግሥት አዲሱን የጤና መድን ለስደተኞች በየቋንቋቸው ለማስረዳት ፈልጎ ነበር። አዲስ የመጣ ሰው በቋንቋው መረጃ ሲያገኝ ምን ማለት እንደሆነ ለኛ ሰው መንገር አያስፈልገኝም።

ወደ ሎውስ ልመለስ። ከዚያ ሁሉ ጉድ በኋላ አድማጩ አልሸሸውም። ይህ መጀመሪያ ላይ አናዶኝ ነበር፣ አሁን ግን ይገባኛል። ሰው የለመደውን ድምፅ በቀላሉ አይጥልም። 2ዩኢ ላይ እስከ ኖቬምበር 2007 ሠርቶ ተሰናበተ። ሰው ሁሉ በቃ አለ። በ2011 ግን ተመለሰ፣ 2ኤስኤም በሚባል ሌላ የሲድኒ ጣቢያ፣ እሱም በየገጠሩ ከተሞች ባሉ ጣቢያዎች ይተላለፋል። እኔ የደረስኩበት ይህን የመጨረሻውን ዘመን ነው። እንግሊዝኛዬን ካሻሻሉልኝ ነገሮች አንዱ እሱና ደዋዮቹ ናቸው። ክፍል ውስጥ የሚያስተምሩት እንግሊዝኛ አንድ ነገር ነው፣ አንድ የገጠር ሰውዬ ስለ ጎረቤቱ አጥር ሲነጫነጭ የሚናገረው እንግሊዝኛ ሌላ ነገር ነው። ስለ ሚስቱ ካሮላይን ሲያወራ «ልዕልቷ» ይላት ነበር። በ2020 ስትሞት በጣም ነው የተሰበረው።

አሁን የማልረሳውን ልናገር። በ2013 አንዲት ሴት ደወለች። ልጅ እያለች ለዓመታት የደረሰባትን ወሲባዊ ጥቃት ነገረችው። እንዲህ ያለ ነገር በሬዲዮ ለመናገር ምን ያህል ጊዜ ስልኩን አንስታ መልሳ እንዳስቀመጠች እግዚአብሔር ነው የሚያውቀው። ሎውስ የእሷ ጥፋት ነበረበት ወይ ብሎ ጠየቃት። አንቺስ አነሳስተሻቸው ይሆን ወይ ዓይነት ጥያቄ። ሕፃን ነበረች እኮ! አገሩ ተቆጣ፣ እሱ ግን ጥያቄው ትክክል ነው ብሎ ተከላከለ። ከዚያም በ2015 ተመሳሳይ በደል የደረሰበትን አንድ አረጋዊ ሰው ማጽናናት ሲገባው ገሠጸው።

በኔ ሚዛን ይህ ከባንኮቹ ገንዘብ የባሰ ነው። የባንኩ ጉዳይ በሕግ ተስተካክሏል፣ ስፖንሰርህን ተናገር ተባለ፣ አበቃ። ለዚህኛው ግን ምን ሕግ ታወጣለህ? ሰባቱ ሰከንድ የተሠሩት ደዋዩ ክፉ ቃል ቢናገር ለመቁረጥ ነው። አቅራቢው ክፉ ሲናገር ደዋዩን የሚጠብቀው ቁልፍ የለም። ያ ሁሉ ዓመት ሰው ሲያለቅስ ዝም ብሎ መስማት የሚያውቅ ሰው፣ ዝም ማለት በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ተናገረ። እኛ ጋም «ለምን ሄድሽ? ለምን ዝም አልሽ?» ብሎ የሚጠይቅ አቅራቢ ሰምቻለሁ፣ በአማርኛ፣ በቀጥታ ስርጭት። ቤይሩት ወይም ሪያድ አሠሪዋ ቤት ሆና በሹክሹክታ የምትደውል ልጅ ላይ ማለት ነው።

ሎውስ ለመጨረሻ ጊዜ ማይኩን የተወው በኖቬምበር 2024 ነው፣ በ89 ዓመቱ። ከዓመት በኋላ አረፈ። ሲድኒ ውስጥ በሴንት አንድሩስ ካቴድራል የመንግሥት የቀብር ሥነ ሥርዓት ተደረገለት። ትልልቅ ሰዎች ተናገሩ፣ ጋዜጦቹ ሁለቱንም ጻፉ፣ ድምፁንም ጉዱንም። ሁለቱም መጻፋቸው ልክ ነው። እኔም ድምፁ ይናፍቀኛል፣ ያቺን ሴትዮ ያላትንም አልረሳለትም።

ግን በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ደዋዮቹ የሉም። ስለዚህ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በአማርኛ የሬዲዮ ፕሮግራም ላይ ደውላችሁ የምታውቁ ጻፉልኝ፣ አዲስ አበባም ይሁን ዋሽንግተን፣ ቴል አቪቭም ይሁን ሜልቦርን። መስመር እስኪገባላችሁ ስንት ጊዜ ሞከራችሁ? ምን ልትሉ አስባችሁ ምን አላችሁ? አቅራቢውስ ምን መለሰላችሁ? ስማችሁን መጻፍ አያስፈልግም። ከበቂ በላይ ከመጣልኝ የሚቀጥለው ጽሑፍ ሙሉ በሙሉ የናንተ ነው።